አሳዳጊ አጎት በኮርሱ መመሪያ ዘመድ አይደለም

«አጎት እዚህ ውስጥ የለም።»

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር፣ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ክፍል ውስጥ፣ መምህራችን ለእናትነሽ የሰጣት መልስ ይህ ነው።

እናትነሽ የሐሙሲት ልጅ ናት። ያሳደጓት አጎቷ ትናንት አርፈው ቀብራቸው ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው።

ፈቃድ ብትጠይቀው የኮርሱን መመሪያ አወጣ። ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም፤ እሷ ሁለቴ ቀርታለች። የሐዘን ፈቃድ ለእናት፣ ለአባት፣ ለእህትና ለወንድም ብቻ ነው፤ እሱም የሞት ማስረጃ ሲቀርብ።

«መምህር፣ እንደ አባት ያሳደጉኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ማስረጃ ይዘሻል?»

«በእኛ ቀበሌ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል እንጂ ማን ወረቀት ይጽፋል?»

«እንግዲያው ጥሩንባውን አምጪልኝ» አለና ፈገግ አለ።

ማንም አልሳቀም። እኛ አገር በለቅሶ ጥሩንባ የሚቀልድ ሰው ከእድር ይሰረዛል። ከዩኒቨርሲቲ ግን የሚሰርዘው የለም።

እናትነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ስሟ ላይ የቀሪ ምልክት አደረገባት። ሦስተኛዋ ስለሆነ ለፈተና አትቀመጥም፤ ኮርሱን ከርሞ ትደግመዋለች።

ከዚያ ሰውዬው ጠመኔውን አንሥቶ የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ «ሰው ሲቸገር እያየን ለምን ዝም እንላለን?»

ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጥያቄውን ደብተራችን ላይ ገለበጥነው።

የእኔ አቴንዳንስ እስካሁን ሙሉ ነው። እናንተስ በእንዲህ ያለ መመሪያ የማን ቀብር ቀርቶባችኋል? እንደኔ ጓደኛው ሲከለከል ቁጭ ብሎ ያየም ካለ ይጻፍ፤ ብቻዬን አልሁን።