የመጨረሻውን ሰማችሁት?

አርብ ገበያ መሀል ጃንጥላ ዘርግቶ ለገበሬው ስልክ ዘፈን የሚጭነው ወጣት ልኩ ያልሆነ ሰፊ ኮት ለብሷል፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፎታል። በላፕቶፑ ብቻውን ያቀናበራትን ሙዚቃ የሚያወጣለት ስላላገኘ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከየሚሞሪው መጨረሻ ላይ ይጨምራታል። ሰዎቹ በሳምንቱ ሲመለሱ፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳይነቅል «የመጨረሻውን ሰማችሁት?» ይላቸዋል።

«እሱማ ተበላሽቶ ነው የመጣ፤ አጠፋነው» ይሉታል። ይስቃል። ሳቁ ግን ዘግየት ብሎ ነው የሚመጣው።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እንደያዙ ፊቱ ቆሙ።

«እኔ ደጋግሜ ሰማሁት» አሉ። «በዚያ ሁሉ ድለቃ ውስጥ ውድማ ላይ የሚያበራይ ሰው አለ። አጀማመሩን አውቀዋለሁ፤ በሬዎቹን ሊመርቅ ነው። አንተ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ታቋርጠዋለህ። ምነው ልጄ፣ ብታስጨርሰው?»

ወጣቱ የኮቱን እጅጌ ዘረጋና መልሶ አጠፈው።

«እሺ አባቴ» አለ።

ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ቀድቶት ነበር። ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ አባቱ ውድማው መሀል ቆመው፣ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠሩ ሲመርቁ። ለሙዚቃው የምትሆነውን ቁራጭ ከወሰደ በኋላ ግን ስልኩ ስለሞላበት የቀረውን አጠፋው። «ለከርሞ ደግሜ እቀዳቸዋለሁ» ብሎ ነበር። ያኔ ይህን ኮት የሚለብሱት አባቱ ነበሩ።