ካሽ በግራ ይገባል

ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ይህን የሚያውቁት እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ እና አባቴ ብቻ ነበሩ። አባቴ ጎባ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማዕድ ቀርቦ ግራ እጄ ወደ ሳህኑ ሲንቀሳቀስ፣ ከስፌት ከተረፈው ጨርቅ ለስላሳውን መርጠው አንጓዬን ከቀሚሴ መቀነት ጋር ያስሩታል። ቁጣ የለም፣ ዱላ የለም። "ሚርጋን" ይሉኛል በኦሮምኛ፤ በቀኝሽ ማለታቸው ነው። መብላት በቀኝ፣ መስጠት በቀኝ፣ መቀበል በቀኝ። ትምህርት ቤት ስገባ ግራ እጄ እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሎ የሚውል፣ ሥራ የማይነካ እጅ ሆኖ ነበር።

እንዲህ ያደገች ሴት በሠላሳ ምናምን ዓመቷ ጎረቤት ከተማ ሮቤ ሄዳ "ገንዘብ ሲገባ በግራ ጻፊ" ስትባል ምን ትሁን?

የሄድኩትም ወድጄ አልነበረም። ጎባ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ጣቶቼ ሲንጫጩ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ኮምፒዩተር መጣ፣ ቀጥሎ ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ለውጥ መጣ። ያን ጊዜ "መዋቅር እየተጠና ነው" ሲባል ሠራተኛው ሁሉ ቀጣዩ ማን ይሆን እያለ ይንሾካሾክ ነበር። አንድ ቀን ኃላፊያችን አስጠሩኝ።

"ታይፒስት የሚባል መደብ ከእንግዲህ የለም" አሉኝ። "ሒሳብ ክፍል አንድ ቦታ አለ። አካውንቲንግ ጀምሪና የመጀመሪያውን ኮርስ ማለፍሽን አምጪልኝ። ምደባው ሳይወጣ ካመጣሽ ቦታውን እይዝልሻለሁ።"

"ባላልፍስ?"

"ባታልፊማ ምን ላድርግሽ?" አሉና ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ።

የኔ ደመወዝ የሁለት ሰው ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ወድቀው፣ ቀኝ ጎናቸው በድን ሆኖ ቀርቷል። ያ ዕድሜውን ሙሉ መቀስ የያዘ እጅ ጭናቸው ላይ ተኝቶ ይውላል። መድኃኒቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ስኳሩ፣ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ግራ እጃቸው ጤነኛ ነው፤ ግን አይበሉበትም። በፍጹም! የሰፈራችን ኢማም ሊጠይቋቸው መጥተው "ዑዝር አለህ እኮ፣ ሕመም ነው፣ ተፈቅዶልሃል" ቢሏቸው፣ "አላህ እንደሚያዝንልኝ አውቃለሁ፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ" ብለው መለሱላቸው። ማንኪያ ብሰጣቸውም ያው ነው። ከኔ ሌላ ከማንም እጅ አይጎርሱም። ጠዋት አጉርሻቸው እወጣለሁ፣ እስክመለስ ጦማቸውን ይጠብቁኛል። ምናልባት ብዬ ጨጨብሳ በሳህን ከድኜ አልጋቸው አጠገብ እተዋለሁ፤ ስመለስ እንደተከደነ አገኘዋለሁ። ንዴቴን ለማን ልናገር? እወዳቸዋለሁ፣ ግን ግትርነታቸው ያቃጥለኝ ነበር።

ኮሌጁ ሮቤ አስፋልት ዳር የተከራየ ፎቅ ነው። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነበር። ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር በበሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ መምህሩም ጠመኔውን ይዞ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከሌላ ክልል የመጣ ልጅ እግር ነው። ስለምበልጠው "እትዬ" እያለ አንቱ ይለኛል፤ አንቱ ባለኝ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ እንደምበልጥ ትዝ እያለኝ እሸማቀቃለሁ።

ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ያሰምራል። "ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት" ይላል። "ገንዘብ ሲገባ ካሽን በግራ፣ ሲወጣ በቀኝ። መጨረሻ ላይ የግራውና የቀኙ ድምር እኩል ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።" ቀላል ነው። ለሰው ሁሉ ቀላል ነው! እኔ ግን ገንዘብ ገባ ሲባል እጄ በራሱ ወደ ቀኝ ይሄድብኛል። አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ተመልሶ ይሄዳል። ገንዘብ ስቀበል በግራዬ ተቀብዬ አላውቅማ። አንድ ቀን መምህሩ ወረቀቴ ላይ አጎንብሶ "እትዬ፣ ምነው የእርስዎ ሁልጊዜ ግልብጥ የሚለው?" አለኝ። ምን ልበለው? አባቴ አስረውኝ ነው ልበለው?

ቤት ሳጠና ጮክ ብዬ ነው የምሸመድደው። "ካሽ ሲገባ በግራ" ስል አባቴ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ምን አልሽ? በግራ ይቀበላሉ?"

"ወረቀት ላይ ነው፣ አባ።"

"ወረቀትስ ቢሆን! ማነው እንዲህ ያለ ነውር የሚያስተምራችሁ?"

"ፈረንጅ ነው ያወጣው አሉ።"

"አላልኩም?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳቄ መጣ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ፈተናው እየቀረበ ነበር፣ ምደባውም ዛሬ ነገ ይወጣል እየተባለ ነበር። ጎረቤት ስታዋራኝ "አዎ" እላለሁ እንጂ ምን እንዳለችኝ አልሰማም።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ። ግራ እጄ ላይ ሰዓት አስራለሁ። "ወደ ሰዓቱ ይገባል፣ በባዶው ይወጣል" እያልኩ፣ አንዴ ሰዓቴን አንዴ ወረቀቴን እያየሁ ስሠራ መገልበጡ ተወኝ። መምህሩ እንኳ "ጎበዝ፣ እትዬ!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ትንሽ ትንሽ የወሰደኝ።

የፈተናው ቀን እሁድ ነበር። ጎባ በጉም ታፍና፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውዱእ አደረግኩ፣ ሰገድኩ፣ አባቴን አጎረስኩ፣ ጨጨብሳውን ከደንኩላቸው።

"ለምሳ እደርሳለሁ" አልኳቸው።

"ቀስ ብለሽ ሥሪ። እኔ ብቆይ ምንም አልሆንም።"

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት "ሮቤ! ሮቤ!" ሲል ሰምቼ ሮጥኩ።

ጥያቄው አንድ ትልቅ ነው። አንዲት ሱቅ ተከፈተች፣ ባለቤቷ ገንዘብ አስገባች፣ ዕቃ ገዛች፣ ኪራይ ከፈለች፣ ሸጠች። ሁሉንም በየቦታው መዝግባችሁ ግራና ቀኙን አመዛዝኑ ይላል። ጀመርኩ። ብዕሬ እንደ ድሮ የጽሕፈት መኪናዬ ይፈጥን ጀመር፤ እንዴት ጥሩ እንደሄደልኝ! ደመርኩ። የግራው ከቀኙ ጋር እኩል መጣ። "አልሐምዱሊላህ!" ልል ምንም አልቀረኝ። ስንት ሰዓት ተረፈኝ ብዬ ግራ እጄን ገለበጥኩ።

ባዶ ነው።

ክው አልኩ። ሰዓቱን ለውዱእ አውልቄ መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ። ወረቀቴን አየሁ። ካሽ በቀኝ ቁጭ ብሏል፤ ሱቋ ያልገባላትን ገንዘብ እያወጣች ስትነግድ ከርማለች። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሁሉንም ገልብጬዋለሁ። እኩል የመጣውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ከተገለበጠ ድምሩማ ምን ይሆናል? አባቴ፣ ኃላፊያችን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ ተደቀኑ።

"ሌላ ወረቀት ስጠኝ" አልኩት መምህሩን።

"ጊዜ የለም እኮ፣ እትዬ።"

"ስጠኝ አልኩህ!" ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰጠኝ።

እጄን እንደሆነ አላምነውም። አንድ ምልክት ያስፈልገኛል። ከቦርሳዬ መሐረብ አውጥቼ ግራ አንጓዬ ላይ ጠመጠምኩና አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ከዚያ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ወደታሰረው ይገባል፣ በባዶው ይወጣል። ሌሎቹ እየሰጡ ወጡ። ቀኝ እጄ ደነዘዘ። መምህሩ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ አንዴ ወረቀቴን አንዴ የታሰረ እጄን ያያል፤ ግን "በቃ" አላለኝም፣ አላህ ይስጠው። ስጨርስ ድምሩን ደግሜ ለማየት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። ጎባ ስደርስ የምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። "ርቧቸው ራሳቸውን ስተው ይሆን?" እያልኩ ከአስፋልቱ እስከ በራችን ሮጥኩ።

አባቴ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው። የጨጨብሳው ሳህን ባዶ ነው።

"ጎረቤት መጥታ አጎረሰችኝ" አሉ ሳልጠይቃቸው።

ጋቢው ላይ የቅቤ ነጠብጣብ አለ፣ በግራ በኩል። ትራሱም ላይ አለ። ጉንጫቸውም ላይ አለ። አጠገባቸው ስቀመጥ ዓይናቸው አንጓዬ ላይ አረፈ። መሐረቡን መፍታት ረስቻለሁ።

"ማነው ያሰረሽ?" አሉኝ።

"ራሴ ነኝ፣ አባ። ግራው እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።"

ከዚያ ግራ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ፤ ጣቶቻቸው በቅቤ ያብረቀርቃሉ። ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር። ይንሸራተትባቸዋል፣ በጥፍራቸው ይፈልጉታል፣ ደግሞ ያመልጣቸዋል። እኔ በቀኜ ባንዴ መፍታት እችል ነበር። እጄን ዘርግቼላቸው ቆየሁ፤ እንባዬ እየወረደ።

ውጤቱ የተሰጠን ምደባው ሊወጣ ሲል ነው። ሲ ነበር። ሲ ማለፍ ነው! ለኃላፊያችን ወስጄ አሳየኋቸው፣ ሒሳብ ክፍል ሂጂ አሉኝ። ማታ ወረቀቱን ለአባቴ ሳቀብላቸው በልማዴ በቀኜ ነበር የዘረጋሁት። ማንበብ አይችሉም። ግን ሊይዙት ፈለጉ፣ ግራ እጃቸውን ሰደዱ።

"ገቢ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። "ታዲያ በግራ ነው።"