ተሸጠ የተባለው የዘይት ፓምፕ

እህቴ ደውላ ከሰላምታ በፊት የነገረችኝ፣ ሹፌሯ የሚኒባሷን የዘይት ፓምፕ ሸጦ በቦታው አሮጌ እንዳስገባ ነው። ማስረጃ ጠየቅኳት። «መብራቱ በራ» አለችኝ። ሌላ ማስረጃ አልነበራትም።

ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቷ የሚተዳደረው ወላይታ ውስጥ ከበዴሳ ሶዶ በሚመላለሰው በዚህ ሚኒባስ ነው። ያን ቀን ሹፌሩ ከበዴሳ እንደወጣ ቀይዋ የዘይት መብራት በራችበት። ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ ተሳፋሪዎቹን ወደ ሌላ መኪና አዛወረና መኪናውን አስጎትቶ ሶዶ አስገባ። እህቴ ግን መናኸሪያ ጠብቃ በሹፌሮቹ ሁሉ ፊት ሌባ አለችው፤ ቁልፉንም ነጠቀችው። ፓምፑ ከክረምቱ በፊት በአዲስ የተለወጠ ነው፤ መኪናውን ጋራዥ የወሰደው ደግሞ ሹፌሩ ብቻውን ነበር። አዲስ ፓምፕ እንዲህ ቶሎ አይሞትም። ስለዚህ ጥርጣሬዋ ከሜዳ የመጣ ነው ማለት አልቻልኩም። ግን መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ ሸጠ ለተባለ ሹፌር ማንም ባለንብረት መኪና አይሰጥም። ሰውዬው የልጆች አባት ነው።

«ሰው መጠየቅ ሥራሽ አይደል? አናግሪውና አውጣጪው» አለችኝ።

በዜና ሥራ ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው መጀመሪያ የሰማውን አያምንም። እኔም ከሹፌሩ በፊት መብራቷን ጠረጠርኩ። ከሞተሩ ሥር ኮፓ የሚባል ገንዳ አለ፤ ዘይቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ፓምፑ ዘይቱን በወንፊት በኩል እየሳበ፣ በፊልትሮ አሳልፎ፣ እርስ በርስ ወደሚፋተጉት ብረቶች ይገፋዋል። ግፊቱ ሲወርድ መብራቷ ትበራለች፤ ንቆ የነዳ ሰው ሞተሩ ተጣብቆ ይቀርበታል። መብራቷን የምታበራው ግን አንዲት ትንሽ ሴንሰር ናት፤ እሷም አንዳንዴ ትዋሻለች።

ከእህቴና ከሹፌሩ ጋር መኪናው ወደቆመበት ጋራዥ ሄድኩና፣ መካኒኩ ሴንሰሯን ፈትቶ በቦታዋ የግፊት መለኪያ እንዲያስር ጠየቅኩት። ቅር አለው። ገና ምንም ሳይከፍት ፓምፑ አልቋል ብሎ፣ ያገለገለ ሌላ ፓምፕ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ጠብቆናል። እሱንም ከሚጠረጠሩት ጋር ደመርኩት።

ሞተሩ ሲነሳ የመለኪያው መርፌ ከፍ አለ። ነዳጅ ሲሰጠው ወረደ። መብራቷ አልዋሸችም፤ ነገሩ ግን አላማረኝም። ያለቀ ፓምፕ የሚደክመው ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይሻለዋል። የዚህኛው ተቃራኒ ነው። ዘይቱ ወደ ፓምፑ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ጉሮሮውን ይዞታል። ኮፓው እህቴ፣ ሹፌሩና እኔ ባለንበት ይከፈት አልኩ።

ሹፌሩ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ፓምፑ ሲታሰር የት እንደነበር ብጠይቀው፣ ከመኪናው አጠገብ እንዳልተነሳ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህስ ሞተሩን የነካ ሰው አለ ወይ ስለው እህቴን አየት አደረጋትና «ኮፓው ይከፈት» ብቻ አለኝ። መልሱ አላስደሰተኝም።

ኮፓው ሊወርድ ሲል እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ፓምፑን የገዛች ዕለት ከሱቁ ሳትወጣ የልጇን ስም መነሻ ፊደል በምስማር እንደጫረችበት ነገረችኝ። ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እንዳይለወጥባቸው ብዙ ባለመኪኖች እንዲህ ያደርጋሉ። እስከዚያች ሰዓት ለምን ከእኔም እንደደበቀችው አልጠየቅኳትም።

ኮፓው እንቢ አለ። መካኒኩ ዙሪያውን በቢላ እየፋቀ በግድ አላቀቀው። ፓምፑን አውጥቶ በጨርቅ ሲጠርገው ፊደሉ እዚያው አለ፤ ጥርሶቹም ገና ያብረቀርቃሉ። ወንፊቱ ግን በደረቀ ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። ሲሊኮን ኮፓው ዘይት እንዳያንጠባጥብ ጠርዙ ላይ በስሱ የሚቀባ ማጣበቂያ ነው። ሲበዛ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተቆርጦ ሲወድቅም ወንፊቱ ላይ ያርፋል።

ማን ነው ይህን ሁሉ የቀባው አልኩ። መካኒኩ የእሱ እጅ እንዳልሆነ ማለ። ሹፌሩ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ ያስቀባሁት» አለች እህቴ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሊደርስ ሲል ነው። ወላይታ ቤት ደጅ ላይ ያለው ሣር የቤቱ ፊት ነው፤ ዘመድ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። መኪናው ሲያድር የሚያንጠባጥበው ዘይት ሣሩን ማቃጠል ጀመረ። ሲሊኮኑን ራሷ ገዝታ ለሹፌሩ ሰጠችውና፣ አንዲት ጠብታ እንዳትወርድ ቱቦው እስኪያልቅ አስቀባው አለችው። እሱም መንገድ ዳር ያለ መካኒክ ጋ ወስዶ እንዳዘዘችው አስደረገ።

ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«እትዬ ራሳቸው ያውቁታል። እኔ ብናገር ደግሞ ሌባው በእሳቸው አሳበበ ይባላል» አለኝ።

ወንፊቱ ጸዳ፣ የራሷ ፓምፕ ተመለሰ፣ ኮፓው በስሱ ተቀብቶ ታሰረ፣ አዲስ ዘይትም ገባ። አሁን ነዳጅ ሲሰጠው መርፌው አብሮ ይወጣል። መካኒኩ ያገለገለውን ፓምፕ መልሶ ጠቀለለው።

እህቴ ቁልፉን ዘረጋችለት። ሹፌሩ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ሌባ ያሉኝ መናኸሪያ ነው። እዚያው ይስጡኝ።»

በወላይትኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። ደግ ቃል አልነበረም። አትሄድም ብዬ ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግን ሄደች። ተራ በሚጠብቁት ሹፌሮች መሐል ቆማ፣ ፓምፑ የራሷ እንደሆነ፣ ሰውዬው ምንም እንዳልነካ፣ ወንፊቱን ያስደፈነችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ምክንያቱን አንዱ ጠየቃት፤ ሣሩንም ነገረችው።

«እንግዲያው ሌባው ሣሩ ነዋ» አለ ተራ አስከባሪው። ሰዉ ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም፤ ሹፌሩም አልሳቀም።

ቁልፉን ተቀብሎ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ ጠርጎ መልሶ አስገባው፣ እንደገና መዞ ፊት ለፊቷ ያዘው።

«ይዩት» አላት። «ከእንግዲህ በየጠዋቱ ይዩት።»

መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገችና ጎንበስ ብላ አየችው።