ኒውሮሎጂ በእኛ ቤት

ኒውሮሎጂ የሚለውን ቃል ትርጉም ማወቅ ለሚፈልግ ሰው መዝገበ ቃላት ይበቃዋል። ሥረ ቃሉ የግሪክ ነው፤ መጀመሪያ ጅማትን፣ ኋላ ደግሞ ነርቭን የሚያመለክት ቃል ነበር፤ ከ«ጥናት» ጋር ተጋብቶ ኒውሮሎጂን ወለደ። አንጎልን፣ ሕብለ ሰረሰርንና በመላ አካላችን የተዘረጉትን ነርቮች የሚያጠናና የሚያክም የሕክምና ዘርፍ ነው። አለቀ። አጠቃቀሙን ማወቅ የፈለገ ግን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄዶ አጎቴን መጠየቅ አለበት።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ ዓመት ተኩል ፋርማሲ ተምረው አቋርጠዋል፤ ያቋረጡትን ትምህርት ግን እስከ ዛሬ ድረስ በነጻ ሲያድሉን ይኖራሉ። ቤተሰባችን ውስጥ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሚዋጥ ክኒን የለም።

እናቴ ከእኔ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። አንድ ሰሞን ቀኝ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እርምጃዋም አጠረ፤ የሹራቧን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር። የቤተሰብ ሐኪሟ ይህን አይቶ ወደ ኒውሮሎጂስት ላካት። እኔም ብልህ ነኝና ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ሳልከት ለአጎቴ ደወልኩ።

«ማን ሰማ?» አሉኝ ገና ሳልጨርስ።

«ማንም አልሰማም ጋሼ።»

«ኒውሮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? እብደት ማለት ነው። ፈረንጅ በጨዋ ቋንቋ ሲናገረው ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ የነርቭ ሐኪም እኮ ነው፤ የአእምሮ አይደለም።»

«እሱን ለሐበሻ አስረጂ» አሉኝ።

ጭንቀታቸው ወዲያው ገባኝ። ለልጃቸው ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጧል። የወንዱ ወገኖች ደግሞ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ኖሩም አልኖሩ እስከ ሰባት ቤት ሳይጠይቁ ልጅ የሚያጋቡ ሰዎች አይደሉም። «አክስቷ ኒውሮሎጂ ትመላለሳለች» የሚል ወሬ ከተሰማ፣ ሙሽሪት ሁለት ዲግሪ አላት ብሎ የሚያስታውስ አይኖርም።

ስለዚህ ፍርድ ተሰጠ። አንደኛ፣ ለማንም አይነገርም። ሁለተኛ፣ ለራሷ ለእናቴም አይነገራትም፤ ስሙን ከሰማች ትሞትብናለች። ትከሻዋን ያማት ስለነበር «የትከሻ ሐኪም ነው» ልላት ተስማማን። ሦስተኛውን አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፤ «አስተርጓሚ እንስጥሽ ካሉሽ ኖ በያቸው። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ሐበሻ ደግሞ ስልክ አለው።» እንግዲህ እኒህ ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ሌላውን ሲመክሩ ያረጁ ሰው ናቸው።

በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ አልፈልግም የሚል ፎርም ፈርሜ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ከእኛው ማኅበር አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እንዳየችኝ «ለዓይኔ ነው የመጣሁት» አለች። «እኛም ለትከሻ ነው» አልኳት። ግድግዳውን የሞላ የአንጎል ሥዕል ከበላያችን ተሰቅሎ፣ ዓይንና ትከሻ ሆነን እግዜር ይማርሽ ተባባልን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ የሚያስቀና። «ማሽተት ቀንሶባታል?» ብላ ጠየቀች። የትከሻ ሐኪም ስለ አፍንጫ የሚጠይቅበትን ምክንያት ከየት ላምጣ? ወደ እናቴ ዞሬ «ትከሻሽ እንዴት ነው ትላለች» አልኳት። እናቴ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ከእግዚአብሔር ይመስገን ጀምራ እግዚአብሔር ይመስገን ላይ ጨረሰች። እኔ ለሐኪሟ «ደህና ነች» ብዬ ተረጎምኩ። በእንቅልፏ ትጮኻለች ወይ ስትለኝም ኖ አልኩ። የእናቴን ጩኸት ከጎኗ ተኝቼ እየሰማሁ ነው እንግዲህ ኖ ያልኩት። ሐኪሟ የእናቴን እጅ አገላብጣ አየች፣ አስነስታም አስኬደቻት። ከዚያ «በዚህ መረጃ ብቻ መድኃኒት ባልጀምር ይሻላል፤ በስድስት ወር ተመለሱ» አለችን። ትልቅ ድል ነበር። ከመኪናዬ ሆኜ ለአጎቴ ኮል አደረግሁላቸውና መረቁኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ዘር ጠየቁ፤ ንጹሕ ሆነን ተገኘን።

በአራተኛው ወር እናቴ ከላንግሊ ፓርክ አውቶቡስ ስትወርድ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ቀጠሮው ተቀደመ። ሐኪሟ በጀሶ የታሰረውን እጅ አየት አደረገችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ባለፈው እናትሽ ብዙ ትናገራለች፣ አንቺ አንድ ቃል ትሰጪኛለሽ። ዛሬ እንዲያ አይሆንም» አለችኝ። እኔን ሳትጠይቅ ስክሪን የተገጠመለት ባለ ጎማ ዘንግ እየገፋች አስገባች። ስክሪኑ ላይ አንዲት አስተርጓሚ ብቅ አለች፤ ልጅ እግር ናት። አላውቃትም፤ መጀመሪያ ያጣራሁት እሱን ነው።

«እማማ፣ እጅዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። «ሦስት ዓመት አለፈኝ የኔ ልጅ» አለች። «ሽታ ካጣሁማ ከዚያም ይበልጣል። በእንቅልፌም እጮኻለሁ መሰለኝ፤ ጠዋት ጠዋት ድምፄ ይዘጋል።» አንድ በአንድ ተናገረች። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ስትደብቅ እኔ ይበርዳታል እል ነበር። አፈርኩ። ከአጎቴም በላይ በራሴ ተናደድኩ።

«ለምንድን ነው ባለፈው ያልነገሩን?» ብላ ሐኪሟ አስጠየቀቻት።

«የነርቭ ሐኪም መሆኑንማ በዚያው ቀን አውቄያለሁ፤ ያን የሚያህል ሥዕል ተሰቅሎ!» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ እኔ አጠገቧ የሌለሁ ይመስል፣ ድምፅዋን ቀነሰች። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ የኔ ልጅ። ልጄ ይህን የነርቭ በሽታ በጣም ትፈራዋለች። እሷ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እስቲ ለሐኪሟ ንገሪልኝ፤ ቀስ አድርጋ ለልጄ ታስረዳልኝ።»

አስተርጓሚዋ የሰማችውን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ አለባትና፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። ሐኪሟ እናቴን ተወችና ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለች ማስረዳት ጀመረች።