ሰማንያ ወይስ መቶ ሃያ

ዲላ ሆስፒታል ውስጥ የድሬሰርነት፣ ማለትም የሕክምና ረዳትነት፣ ትምህርት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ የልብ ምት በመቁጠር ተፈተንን። የወደቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእኔ የደረሱኝ ከወናጎ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እጃቸውን ይዤ ስቆጥር ምቱ እንደ ግጥም ስንኝ በስድስት በስድስት እየተከፈለ ወሰደኝና ቁጥሩ ጠፋብኝ። ጣቴን ከእጃቸው አንስቼ መልሼ አሳረፍኩ።

«ልጄ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ እንደገና ልቁጠር ብዬ ነው።»

«እንደገና? በቃ፣ ልጆቼን ጥሩልኝ!»

አሁን ስቆጥር ምቱ መቶ ሃያ ሆነ። መምህሬ ቀደም ብለው ሲቆጥሩ «ሰማንያ» ሲሉ ሰምቼ ነበር። የቱ ሕመማቸው፣ የቱ እኔ ያመጣሁት ድንጋጤ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የሕክምና ካርዳቸው ላይ መቶ ሃያ ጻፍኩና «አስደንግጫቸው ነው» ብዬ ጨመርኩ። መምህሬ አነበቡት፤ ማለፌንም መውደቄንም ሳይነግሩኝ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄዱ።