ጀርባ ለጀርባ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ልጄና ጓደኛው ይሠሩ ነበር። ጓደኛው ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ልጅ ነው፤ ከልጄ ጋር አብሮ አድጎ አብሮ ኮምፒውተር ተምሯል። ወደ ጅጅጋ ሰው ለሚያመላልሱ አንድ ባለመኪና የትኬት መቁረጫ ፕሮግራም ይሠሩላቸዋል። ሥራው ከያዘ እዚሁ ድሬ ይቀራሉ፤ ካልያዘ ልጄ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስለ ፕሮግራም ባላውቅም ስለቴ ሥራው እንዲይዝላቸው ነበር።

መጀመሪያ ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ኋላ ሁለቱም ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በስልክ መጻጻፍ ጀመሩ። እጅ ቢዘረጉ ይነካካሉ እኮ!

አንድ ቀን ባለመኪናው ደወሉ። ፕሮግራሙ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው እየሸጠ ነው። ልጄ ወጣ ብሎ ስለነበር ጓደኛው ብቻውን ሲያስተካክል ሻይ ይዤለት ገባሁ።

«ወላሂ እማ፣ ያንቺ ልጅ የጻፈውን ሕፃን አይጽፈውም» አለኝ።

«ታዲያ ንገረዋ።»

«አቦ ተዪኝ! አዋቂ ነኝ ይል የለ? ራሱ አይቶ ይረዳ።»

ከሰዓት ልጄ ተመለሰ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ሥራዬን ነካካብኝ!» ብሎ የጓደኛውን አጠፋና በራሱ መንገድ አስተካክሎ አስገባ።

«ጠይቀው እንጂ ልጄ።»

«ምኑን? ቢያስረዱት አይገባው።»

በማግስቱ ያኛው መልሶ አጠፋው። ሁለቱም ያስተካከሉት ልክ እንደነበር ልጄ ኋላ ነግሮኛል፤ ግን አንዱ የሌላውን በነቀለ ቁጥር፣ የራሱን እስኪያስገባ ብልሽቱ ይመለሳል።

የበዓል ዋዜማ ላይ መናኸሪያው ሰው በሰው ሆኖ ሳለ፣ የአንድ ሙሉ መኪና ወንበር ሁለት ጊዜ ተሸጠ። ሰው ተደባደበ፤ የሾፌሩ ረዳት ተፈነከተ። ባለመኪናው የረዳቱ ደም ሸሚዛቸው ላይ እንዳለ ግቢያችን ገቡ።

«ከሁለታችሁ ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እሱን ይጠይቁ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው የተናገሩት ያንን ብቻ ነው።

ባለመኪናው ወደ ወረቀት ትኬታቸው ተመለሱ። ጓደኛው ኮምፒውተሩን ነቅሎ፣ እኔን ብቻ ተሰናብቶ ወጣ። ከእናቱ ጋር አሁን በር ላይ ስንገናኝ ስለ ሙቀቱ ብቻ እናወራለን።

ልጄ ይሠሩባት በነበረችው ክፍል ሻንጣውን ሲዘጋ አጠገቡ ቆምኩ።

«መሄድህን ነግረኸዋል?»

«ቴሌግራም ላይ ያየዋል፣ እማ።»

በክፍሏ መስኮት የጓደኛው በር ይታያል። ክፍት ነበር።