በራችን ላይ የታሰረችው በቅሎ

ሸማኔ እጁና እግሩ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው። በንጉሡ ዘመን ጉለሌ ውስጥ፣ ከቁስቋም በታች ባለው የሸማኔዎች ግቢ፣ ለምኖርባት ጠባብ ክፍል ግማሹን ኪራይ የምከፍለው በወሬ ነበር። ፒያሳ ወርጄ ፊልም አያለሁ፤ በማግስቱ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ እተርክላቸዋለሁ።

የዚያ ሳምንት ፊልም የሚያስቅ ነበር። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ብድግ ብሎ ንብረቱን ለመንገደኛው ማደል ይጀምራል፤ ዘመዶቹ «አብዷል» ብለው ዳኛ ፊት ያቆሙታል። እንግሊዝኛዬን ለብቻዬ ከአሮጌ መጽሐፍ የለቀምኩት ስለሆነ ግማሹ ንግግር አመለጠኝ። ያመለጠኝን ከራሴ ሞላሁት። ኮቱ ካባ ሆነ፣ አውቶሞቢሉ ግራጫ በቅሎ። ሽማግሌው በቅሎዋን ለአንዲት እንጨት ተሸካሚ ሰጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን ጥለው ሳቁ።

«ግራጫ ነው ያልከው?» አለ አንዱ።

ሳቁ ቆመ። በአዲሱ ገበያ በግራጫ በቅሎ የሚሄድ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበር፤ ግቢያችን ያረፈበት መሬት ባለቤት። አንድ ቃል ቢናገሩ ሁላችንም ከነሽመና ዕቃችን ሜዳ ላይ ነን። ቀና ስል ደግሞ ጋቢ ሊያዝ የመጣው ዘበኛቸው በሩ ላይ ቆሟል።

«ጌቶች ቢሰሙት እንዴት ደስ ባላቸው!» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ውሻ በጮኸ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ሸማኔዎቹም አያናግሩኝም፤ መሳቃቸው አስፈርቷቸው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘበኛው መጣና «ይፈልጉሃል» አለኝ።

«አባባ፣ ልጥፋ?» አልኳቸው የሸማኔዎቹን ታላቅ።

«ብትጠፋ ቤቱም ይጠፋል። ብትሄድም ምናልባት ይጠፋል። ይልቅ ሂድ።»

ባለመሬቱ አልጋ ላይ በካባ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሁለት የወንድማቸው ልጆች ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«እስቲ የዚያን እብድ ወሬ አምጣው» አሉኝ።

በቅሎዋን መልሼ አውቶሞቢል አድርጌ ጀመርኩ።

«በቅሎ ነበረች አሉኝ እኮ!»

«በቅሎ ነበረች፣ ጌታዬ።»

«መልኳስ?»

«ግራጫ።»

ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። የወንድማቸው ልጆች ጥርሳቸውን አላሳዩም።

«ዳኛውስ ምን ብሎ ፈረደ?»

ልጆቹ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። እዚያ ቤት የሚጠየቀው የፊልሙ ሽማግሌ ሳይሆን የቤቱ ሽማግሌ ጤንነት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሌላ ፍርድ ለመፍጠር ትንፋሽ አልነበረኝም።

«ጤነኛ ነው ብሎ ለቀቀው።»

«ይኸው!» አሉ ወደ ልጆቹ ዞረው።

ስወጣ ታላቅየው እስከ በር ሸኘኝ። «ከሸማኔዎቹ ዘንድ ነው አይደል የምትኖረው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ። አጎቴ ለዘላለም አይኖሩም» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በማግስቱ ጧት ግራጫዋ በቅሎ ከነኮርቻዋ በራችን ላይ ታስራ አገኘናት። ዘበኛው «ለእናንተ ትሁን ብለዋል» ብሎ ዞር ሳይል ወረደ።

ማንም አልሳቀም። ብንቀበላት ልጆቹ «አጎታችን አብደዋል፣ እነዚህም ዘረፏቸው» ይላሉ። ብንመልሳት ሽማግሌውን በአደባባይ እብድ ማለታችን ነው። በቅሎዋ አጥራችን ሥር ያለውን ሣር ትግጣለች። የአንዱ ሸማኔ ሚስት ውሃ በባልዲ ይዛ ወጣችና መሬት ልታስቀምጠው ፈርታ፣ እንደያዘችው ቆመች።

አባባ ከጉድጓዳቸው ወጥተው አጠገቤ መጡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ዳኛ ጤነኛ ነው ማለቱን በጆሮህ ሰምተሃል? ወይስ እሱንም ከራስህ ነው የሞላኸው?»

ዐይኔን ጨፍኜ ዳኛውን ፈለግኩት። መጣልኝ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።